ድስቱና የተኩላ ዳገት

ብሬስኖ፣ በቅዱስ ሳቫ በዓል ማግስት፣ ጃንዋሪ 1979

ለተከበርሽ የአባቴ ወንድም የቩካሺን የልጅ ልጅ፣ ለወይዘሮ ዴሳንካ፣ ቪየና።

እግዚአብሔር ይርዳሽ። ጤናሽ የተጠበቀ፣ ሥራሽ የተባረከ፣ በሰው አገር መውጣት መግባትሽ የሰላም ይሁን። እኔ ኦብራድ፣ ዛሬ የቤታችን ታላቅ የሆንኩት፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ስለ እኔ የሚወራው ወሬ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ከራሴ እንዲደርስሽ ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ዕቃ እንድትልኪልኝ ነው።

ወሬው እውነት ነው። መኪና ገዝቻለሁ።

ስታነቢው ፈገግ እንደምትዪ አውቃለሁ፤ መብትሽ ነው። ሰው እግሩ ከሚያደርሰው ርቆ የሚያስኬደው ጉዳይ ሊኖረው አይገባም ብዬ በትምህርት ቤቱም በቤተ ክርስቲያኑም ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ አንቺም ከተማሪዎቼ አንዷ ነበርሽ። አሳቤን አልለወጥኩም። የተለወጠው ጉልበቴ ነው። ወደ ጎረቤት መንደር ወደ ያቮርዬ የሚሄደው አውቶቡስ በክረምት መምጣት አቁሟል፤ አባ ቲሞቴይ ሦስት አጥቢያ ይዘዋል፤ የሚቀበር ሰው ባለበት ሁሉ የሚያዜመው እኔ ነኝ። ባለፈው ኅዳር ያቮርዬ በእግሬ ስደርስ ሟቹ አፈር ለብሶ ጠበቀኝ። ዜማ ሳይሰማ ተቀበረ። ይህ በእኔ ዘመን አይደገምም ብዬ ወሰንኩ።

የሸጠልኝ የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ስሬቴን ነው። ሐቀኛ ሰው በመሆኑ ሳይሸፋፍን ነገረኝ። «መምህር፣ በብርድ አይነሳም፣ በሙቀት ይፈላል፤ በመካከሉ ግን መልአክ ነው» አለኝ። መኪናው ትንሽና ክብ ነው፤ ቀለሙ የወተት ሲሆን ሞተሩ በስተኋላ ነው። ብርድ እንዳይመታው ሟች ባለቤቴ ሚሌቫ በሠራችው የሱፍ ብርድ ልብስ ማታ ማታ አለብሰዋለሁ። ይህን ለማንም አትንገሪ።

አባ ቲሞቴይ ጸበሉን በበሶብላ እየረጩ ባረኩት። ሲጨርሱ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው፣ «ከመብራቱ እስከ ጎማው ደርሻለሁ፤ የቀረው የመካኒክ ድርሻ ነው» አሉኝ። አሁን በአምስተኛው መታጠፊያ ላይ ይፈላል። ስለዚህ እዚህ አገር ሁሉም እንደሚያደርገው የሞተሩን ክዳን በዱላ ደግፌ ከፍቼው እነዳለሁ። ዱላውን ከጠንካራ የፕሪም እንጨት ራሴ ጠረብኩት። ጎረቤቴ ሚላዲን ክዳኑ ተከፍቶ እንፋሎቱ ሲወጣ አየና «ድስቱ» የሚል ስም አወጣለት። አሁን መንደሩ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራዋል። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሳይቀር፣ «መምህር፣ ድስቱ ፈላ፤ ባቄላውን ልጨምር?» ይለኛል። አልመልስለትም።

የምፈልገው ዕቃ የሞተሩ ቺንጋ፣ ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ ነው። ያለው ተሰነጣጥቋል። በከተማችን መደብር ስጠይቅ ከገና በኋላ ና ይሉኛል፤ የትኛው ገና እንደሆነ ግን አይነግሩኝም። ዋጋውን ጽፈሽ ላኪልኝ። በስጦታ አልቀበልም።

የአባቶቻችን ጸሎት አይለይሽ።
ኦብራድ


ቪየና፣ ማርች 29 ቀን 1979

ለተከበሩ አጎቴ ለመምህር ኦብራድ፤

ጤና ይስጥልኝ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? የእኔ ደኅና ነው፤ ብቻ የሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ እንፋሎት ፀጉሬን ፈትሎ ጨረሰው። መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። በተጨማሪም ማክሰኞና ዓርብ ከሥራ በኋላ የምሄድበት ቦታ አለኝ። ስለዚህ ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።

ቺንጋ ሁለት ልኬያለሁ። አንዱ ሲበጠስ ሌላው ይተካዋል ብዬ ነው። ሠራተኞችን በሚያመላልሰው አውቶቡስ ሹፌር እጅ ነው የላክሁት፤ የቡና ጥቅል ውስጥ ስላስቀመጥኩት ቺንጋው ቡና ቡና ይሸታል። የመለዋወጫ ሻጩ የመኪናውን ዓይነት ስነግረው፣ «ይህን ዛሬም የሚነዳ ሰው አለ?» ብሎ ሳቀ። «የሚነዳው መምህር ነው፤ እሱ ፊት ብትስቅ ጥግ ላይ ያቆምህ ነበር» አልኩት። ሳቁን ተወ። ክብርዎ እዚህም ደርሷል ማለት ነው።

አጎቴ፣ እውነቱን ልናገር፤ ይሽጡት። ዶክተር ስሬቴን ሐቀኛ ነው፤ ግን ሐቀኛ ሰው የሸጠው የተበላሸ ነገር ያው የተበላሸ ነው። ክረምት ላይ በዚያ ገደል ጠርዝ ብቻዎን ቆመው ሳስብዎት ልቤ ይፈራል። ገዢ ካጡ የመንደሩ ንብ አናቢ ለቀፎ ክዳን ቆርቆሮውን ይወስድልዎታል።

ዋጋውን አልጽፍልዎትም። ልጅ ሳለሁ ፊደል ላስቆጠሩኝ ዋጋ ጠይቀውኝ አያውቁም።

እጅዎን እስማለሁ።
ዴሳንካ

የብርድ ልብሱን ነገር ለማንም አልተናገርኩም።


ብሬስኖ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል በኋላ፣ 1979

ለተከበርሽ ልጄ ለዴሳንካ፤

የተነሣው ጌታችን ሰላሙን ይስጥሽ። ቺንጋው ደርሷል፤ ገብቷል፤ በደንብ ይሽከረከራል። አልሸጥም። ከንብ አናቢው ጋር በተያያዘ የጻፍሽውን እንዳላነበብኩ ቆጥሬዋለሁ።

ከፋሲካ ወዲህ አራት ሰው ቀብረናል፤ ለአራቱም በሰዓቱ ደርሻለሁ። ሲቀዘቅዝ ስለማይነሳ ሁልጊዜ ቁልቁለት ላይ አቆመዋለሁ፤ ፍሬኑን ስለቅቀው ራሱ ይንከባለልና ይነሳል። ዝናብ ሲዘንብ የመስታወቱ መጥረጊያ ይቆማል፤ ዝናቡ ሲያባራ ይሠራል። የግራው በር በገመድ ታስሯል። ይህን ሁሉ የምነግርሽ ላማርር አይደለም። አንድን ፍጡር ከነጠባዩ ማወቅ ሌላ ነው፤ መናቅ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ቤታችን ለሲሞቪች ቤት አበልጅ መሆኑን ታውቂያለሽ። ከቅድመ አያቴ ጊዜ ጀምሮ በጋብቻቸው ጊዜ አክሊል ሲደፋ የቆምነው እኛ ነን፤ ለልጆቻቸው ስም ያወጣነው እኛ ነን። ሚሌቫ ልጅ ሳትሰጠኝ ሄደች። ከዚህ ቤት የቀረኝ ስምና ይህ አበልጅነት ብቻ ነው። አሁን ዶብሪቮዬ ሲሞቪች በኦክቶበር መጨረሻ ልጁን ራሽኮን ይድራል፤ ሙሽራዋ ከያቮርዬ ናት፤ ስሟ ቪዶሳቫ ነው።

ዶብሪቮዬ ለፋሲካ ከሙኒክ መጣ፤ ረጅም ጥቁር መኪና ይዞ። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰው ሁሉ እየሰማ ጠራኝ። አበልጆች ስለሆንን አንተ ይለኛል፤ የተፈቀደ ነው።

«አበልጅ፣ እግርህ እንዴት ነው?»

«ያደርሰኛል።»

«ለሠርጉ መኪና እልክልሃለሁ። ከኋላ ወንበር ላይ እንደ ጳጳስ ትቀመጣለህ።»

«አበልጅ ተጭኖ አይመጣም» አልኩት፤ «መርቶ ነው የሚመጣው።»

«በምን? በድስቱ?»

ሰው ሳቀ። ሚላዲን ከሁሉም በላይ ሳቀ። ዶብሪቮዬ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋናውን ነገር ተናገረ፤ ሙኒክ ውስጥ አብሮት የሚሠራ ባለጸጋ ወዳጅ እንዳለው፣ የልጆቹን አበልጅነት ለእርሱ መስጠት እንደሚፈልግ፣ እኔ በፈቃዴ በረከቴን ብሰጥ ማንም ቅር እንደማይለው። ያለ አሮጌው አበልጅ በረከት አዲስ አበልጅ እንደማይያዝ ያውቃል፤ ያሳደግነው እኛ ነንና።

በንዴት አልተናገርኩም፤ በረከቴን እንደማልሰጥ ብቻ ነገርኩት። እርሱም እንዲህ ሲል ቃሉን ጨረሰ፦ «ሙሽራዋን ከያቮርዬ እስከ ግቢዬ በር ከፊት ሆነህ ከመራህ፣ አበልጅነቱ ለዘላለም የቤትህ ነው፤ ዳግም አፌን አልከፍትም። መንገድ ላይ ቆመህ እኔ ካለፍኩህ ግን በረከቱን ትሰጠኛለህ።»

እጄን ዘረጋሁ። ሚላዲን ለሠርጉ ሰንደቅ ያዥ ሆኖ ተመርጧልና እጃችንን በመዳፉ መታ አድርጎ ለየው። እንግዲህ ቃሉ ታስሯል።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ወደ ያቮርዬ ስንሄድ በታችኛው መንገድ ነው። ሠርገኛ ግን በሄደበት መንገድ አይመለስም፤ ስለዚህ ሙሽራዋን ይዘን የምንመለሰው በጫካው መንገድ፣ በተኩላ ዳገት ላይ ነው። የመኪናው አንደኛ ማርሽ ያን ዳገት አይወደውም። ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ቢቀየር ይሻላል ይላሉ። አራት ካንዴላ ላኪልኝ።

ኦብራድ


ቪየና፣ ጁላይ 17 ቀን 1979

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። አሁንም ዘገየሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ካንዴላዎቹ ተልከዋል።

ያን የዶብሪቮዬን ነገር ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። አጎቴ፣ እኔ ጥቂት አስቀምጫለሁ። እርስዎ ጥሩ መኪና እንዲይዙ ልላክልዎት? ወይም ለአንድ ቀን ብቻ ከከተማ አንድ ጠንካራ መኪና ይከራዩ። እጃችሁ ሲለያይ በየትኛው መኪና ተብሎ አልተነገረም እኮ። ሚላዲንም ቢሆን ምስክር ነው፤ ያ ሰው ለሳቅ ሲል እናቱን ይሸጣል እንጂ አይዋሽም።

በዚያ ቤት ስም ከእኔና ከእርስዎ ሌላ ማን ቀረ? ይህንንም እያሰብኩ ነው የምጽፈው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። ዳገት ላይ ቆመው ሲነሱ መኪናው ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ፍሪሲዮኑን የሚለቁት መቼ ነው? ፍሬኑን ከመልቀቅዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ? እዚህ አንዲት የሥራ ጓደኛዬን ይህ ነገር እያስለቀሳት ነው።

እጅዎን እስማለሁ።
ዴሳንካ


ብሬስኖ፣ የእመቤታችን ልደት ዋዜማ፣ ሴፕቴምበር 1979

ለተከበርሽ ልጄ ለዴሳንካ፤

እግዚአብሔር ይርዳሽ። ለካንዴላዎቹ አመሰግናለሁ። ገንዘብሽን አስቀምጪ። የተከራየሁትን መኪና ይዤ ብመራ ሙሽራዋን የመራው የመኪናው ባለቤት ይሆናል፤ እኔ አይደለሁም። ሕግ የሚለውን ሳይሆን ልቤ የሚያውቀውን ነው የምከተለው።

ለሥራ ጓደኛሽ እንዲህ በዪአት፦ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላ ትልቀቀው፤ የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲልና መኪናው ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ያኔ ፍሬኑን ትልቀቅ። በጆሮ ነው እንጂ በእግር አይደለም። ማልቀስ አያስፈልግም። በሠራዊት ውስጥ ሳለሁ በጭነት መኪና ያስተማሩኝ እንዲህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ምክር ልጠይቅሽ ሳይሆን ልንገርሽ ብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት ተኩላ ዳገት ላይ ልሞክረው ወጣሁ። ማለዳ ነበር፤ ሰው አልነበረም። በአንደኛ ማርሽ ከዳገቱ ሲሶ ላይ ቆመ። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ ቆመ። ከዚያም ገነፈለ፤ እንደ ሚላዲን አነጋገር ባቄላው ደረሰ። ዶክተር ስሬቴንን ሄጄ ጠየቅሁት። «የአንደኛው ማርሽ ጥርስ አልቋል፤ እኔ ነኝ የጨረስኩት፤ በየዳገቱ ወደ ታመሙ ላሞች ስሮጥበት። የኋላ ማርሹን ግን ማንም ስላልነካው እንደ አዲስ ነው» አለኝ።

ተመልሼ መኪናውን አዞርኩና ያን ዳገት ወደ ኋላ ወጣሁት። እስከ ጫፉ ወጣ፤ አልቆመም። ከዚህም የሚደንቀው አልፈላም፤ ወደ ኋላ ሲሄድ ነፋሱ በተከፈተው ክዳን ቀጥታ ወደ ሞተሩ ይገባልና።

ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። አፈርኩ። አንድ ቀና ሰው በፊቱ ይሄዳል እንጂ በቂጡ አይሄድም። በሠርግ ቀን፣ አክሊል የያዘ አበልጅ፣ በሕዝብ ፊት እንደ ወንዝ ሸርጣን ወደ ኋላ ሲሄድ አስቢው። ይህን ላላደርገው ወስኛለሁ። በአንደኛው ማርሽ እሞክራለሁ፤ የቀረው የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።

ኦብራድ


ቪየና፣ ኦክቶበር 12 ቀን 1979

አጎቴ፤

በችኮላ ነው የምጽፈው፤ የአውቶቡሱ ሹፌር ደጅ ላይ ቆሟል። በሥራ ቦታዬ የዕረፍት ፈቃድ ከለከሉኝ፤ ለሠርጉ አልመጣም። ይህን ስጽፍ እንዴት እንደሆንኩ አይጠይቁኝ።

ግን አንድ ነገር ላስታውስዎ። ልጆች ሳለን ቤተ ክርስቲያን ወስደውን ከሥዕለ አድኅኖው ፊት ስንነሳ ዞር ብለን እየሮጥን ስንወጣ ጆሮዬን ይዘው የመለሱኝ እርስዎ ነዎት። «ከሚከበር ፊት ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው የሚወጣው፤ ጀርባ አይሰጥም» አሉኝ። ጆሮዬ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ታዲያ አሁን ወደ ኋላ መሄድ ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው? አስተማሪዬ የኋላ ማርሽ ለመኪና ማቆሚያ ብቻ ነው ይላል፤ እኔ ግን በእርስዎ ነው የማምነው።

ጉዞው እንዲቀናዎ እንደ አገራችን ልማድ ውኃ አፍስሼልዎታለሁ፤ ከመስኮቴ ወደ መንገዱ። ፖሊስ ቀና ብሎ አየኝ።

ዴሳንካ


ብሬስኖ፣ በቅዱስ ሉቃስ በዓል ማግስት፣ 1979

ለተከበርሽ፣ ለቤታችን ልጅ፣ ለዴሳንካ፤

ምስጋና ለእግዚአብሔር ይሁን። ይህን የምጽፍልሽ የሆነውን ሁሉ በሥርዓቱ እንድታውቂው ነው፤ ሚላዲን የራሱን ታሪክ በየመጠጥ ቤቱ እየዘራ ነውና፣ በእርሱ ታሪክ ውስጥ መኪናውን የነዳው እርሱ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው።

እሑድ ማለዳ ድስቱ (ይኸው እኔም ጠራሁት) በቁልቁለቱ ተንከባሎ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። ሚላዲን ከጎኔ ተቀመጠ፤ ሰንደቁን በመስኮት አውጥቶ። በታችኛው መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወፍጮው ጋ ፈላ። «መምህር፣ ባቄላውን ልጨምር?» አለኝ። «ጨው ጨምር» አልኩት። እንደምመልስለት አልጠበቀም ነበር።

በያቮርዬ ቤተ ክርስቲያን አክሊሉን ራሴ ያዝኩ። ስንወጣ ዝናብ ጀምሮ ነበር። የሙሽራዋ እናት ጥልፍ ፎጣ አምጥታ በድስቱ የጎን መስታወት ላይ አሰረች፤ የአበልጅ መኪና መሆኑ እንዲታወቅ። አባቷ በቤቱ በር ቆሞ ቀረ፤ ሥርዓቱ ነውና አልተከተለንም። ቪዶሳቫም እንደ ሥርዓቱ ወደ አባቷ ቤት ዞራ እንዳታይ ሴቶቹ በሁለት በኩል ይዘው እስከ መኪናው አደረሷት። ያለ ድምፅ ታለቅስ ነበር። ከእኔ ኋላ የሙሽራው ወንድም ከሙሽሮቹ ጋር፤ ሙሽራዋን ከፊት ወንበር አስቀምጠዋታል። ከእርሱ ኋላ ዶብሪቮዬ በረጅሙ ጥቁር መኪና፤ ከዚያ አኮርዲዮኑና የቀረው ሰው።

ተኩላ ዳገት ላይ ያሰብኩት ሆነ። ከሲሶው ሳይደርስ አንደኛው ማርሽ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ሞተሩ ጠፋ። ሁላችንም ከዳገቱ ሥር ወዳለው የእንጨት ቆራጮች ሜዳ ወደ ኋላ ተንሸራትተን ቆምን። አኮርዲዮኑ ዝም አለ። ሠርገኛ ከመንገድ ከተመለሰ ክፉ ምልክት ነው እንደሚባል አንቺ ታውቂያለሽ፤ የሴቶቹ ፊት ተለወጠ።

ዶብሪቮዬ ጃንጥላ ይዞ መጣ። ጮክ ብሎ አልተናገረም፤ ይህን ልመስክርለት።

«አበልጅ፣ በቃ። ሞክረሃል። ማንም አይስቅብህም። ጠጋ በልና ልለፍ።»

«እኔ እስቃለሁ» አለ ሚላዲን፤ «እኔን ረሱኝ እንዴ?»

ያን ጊዜ ያንቺ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። የጆሮሽ ነገር። እዚያ ከኋላዬ ባለችው መኪና ውስጥ ያለችውን ልጅ አየሁ፤ ወደ ኋላ እንዳታይ ተከልክላለች፤ ከፊቷ ያለው ደግሞ የእኔ የቆመ መኪናና ጫካ ነው።

«ሚላዲን፣ ውረድ» አልኩት።

«ልግፋ?»

«አትግፋ። ከፊት ሄደህ መንገዱን ንገረኝ።»

«መንገዱ በስተፊት ነው፤ ያዩታል።»

«ዛሬ በስተኋላዬ ነው። አንገቴ ደግሞ እንደማይዞር ታውቃለህ።»

ሚላዲን ገባውና ሰንደቁን ይዞ ወረደ። በሜዳው ላይ መኪናውን አዞርኩ፤ የተከፈተው ክዳን ወደ ዳገቱ፣ ፊቴ ወደ ሙሽራዋ። ክዳኑን የሚደግፈውን ዱላ አጠበቅሁ። የኋላውን ማርሽ አስገባሁ። ፍሪሲዮኑን በጆሮዬ ለቀቅሁ። ድስቱም ተነሳና ወደ ኋላ ዳገቱን ያዘ።

ሚላዲን በዝናቡ ውስጥ ሰንደቁን ከፍ አድርጎ ከላይ ከላይ ይወጣል፤ ግራና ቀኝ ሲል ስለተደናገርን ሌላ አበጀ። «ወደ ጫካው፣ መምህር፣ ወደ ጫካው። ትንሽ ወደ ገደሉ። ኧረ ትንሽ አልኩ፤ ገደሉን ዛሬ አንጎበኝም። አሁን ቀጥ።» ነፋሱና ዝናቡ በክዳኑ ገብተው ሞተሩን አቀዘቀዙት፤ እንፋሎት የሚባል አልነበረም። የሙሽራው ወንድም መኪና ትንሽ ስለሆነ በጎማዬ ዱካ ላይ እየረገጠ ተከተለኝ፤ አፍንጫው ከአፍንጫዬ ጋር ሊነካካ ሲል። እኔና ቪዶሳቫ በሁለት መስታወት መካከል ፊት ለፊት ነበርን። በየመታጠፊያው ራሴን ነቀነቅሁላት። በመጨረሻው መታጠፊያ ላይ እርሷም ነቀነቀች።

ዶብሪቮዬ በሜዳው ሣር ላይ አድርጎ ሊያልፈኝ ሞክሮ ነበር። ረጅሙ መኪና እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ከኋላው ለነበሩት መንገዱን ዘጋ። ይህን ስጽፍ ደስ እንዳይለኝ እየጸለይኩ ነው፤ ጸሎቱ ገና አልተሰማልኝም። አኮርዲዮኑ ግን ከጀርባችን ተነሣ፤ ሰዉም መኪናውን ትቶ በእግሩ እየዘፈነ ዳገቱን ወጣ።

ጫፉ ላይ መኪናውን አዞርኩና ቁልቁለቱን በፊቴ ወረድኩ፤ ወደ ሲሞቪች ግቢ በር ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ሚላዲን ከጎኔ፣ ውኃ ከሰንደቁ እየተንጠባጠበ፣ «ድስቱ በሰለ፤ ግቡና ብሉ» ብሎ ለግቢው ሁሉ ጮኸ። የመንደሩ ሰው ክብ ሠርቶ ያን ትንሽ መኪና በእጁ ዳሰሰው። አባ ቲሞቴይ መጥተው ዱላውን ነቅለው ሳሙት፤ መጠጥ ቀምሰው ስለነበር ይመስለኛል።

ዶብሪቮዬ ብዙ ቆይቶ በእግሩ ደረሰ፤ ጫማውን በእጁ ይዞ። በሰው ሁሉ ፊት ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣና ሦስቴ ሳመኝ። «አበልጅ» አለኝ። ቃሉን ጠበቀ። ያሳደግነው ቤት ነውና አልተገረምኩም። ከዚያ በጠረጴዛው ራስ ላይ አስቀምጦኝ የመጀመሪያውን የፕሪም አረቄ በገዛ እጁ ቀዳልኝ።

አሁን ስለ አንቺ። የሥራ ጓደኛሽ ለምን እንደምታለቅስ ከጁላይ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ማክሰኞና ዓርብ የት እንደምትሄጂም። በኦክቶበር ደግሞ «አስተማሪዬ» ብለሽ ጽፈሻል። መምህር ያስተማረው ሰው በእንዲህ ያለ ነገር መምህሩን ማታለል አይችልም። አልቆጣም። መንጃ ፈቃዱን ካገኘሽ በኋላ የምትገዢው መኪና አሮጌ ይሁን፤ አዲስ መኪና ሰውን አያስተምርም። እርሱን ነድተሽ በበጋ ነይ፤ በተኩላ ዳገት በኩል። በጠረጴዛው ራስ ላይ ሆኜ ለዶብሪቮዬም ለራሽኮም ተናግሬአለሁ፤ ከእኔ በኋላ የዚህ ቤት አበልጅ አንቺ ነሽ። ሴት ናት ያለ ሰው ነበረ፤ ሚላዲን ነው የመለሰለት፣ መልሱ ግን የሚጻፍ አይደለም። ስም የምታወጪላቸው ልጆች ገና አልተወለዱምና ጊዜ አለሽ። የኋላ ማርሹን ተለማመጂ።

የቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ ማታ ገደማ ቪዶሳቫ ለአበልጅ የሚሰጠውን ሸሚዝ አጣጥፋ አምጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው፤ እጄንም ሳመች። ዓይኗ ደርቆ ነበር። አኮርዲዮኑ ስለሚጮህ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ተናገረችኝ፤ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ፦

«አበልጅ፣ ሁሉም ወደ ኋላ አትዪ አለኝ፤ ወደ ፊት ሳይ ደግሞ የማላውቀው ጫካ ብቻ ነበር። እርስዎ ግን እስከ ዳገቱ ጫፍ ድረስ ጀርባዎን አልሰጡኝም።»